ስለ ቬኔር ገቢ ንግድ ለጠየቃችሁት

ኮምፔርሳቶም ቬኔር ተብሎ ይቆጠራል ወይ? (ከአዘዞ፣ የቤት ዕቃ ሠሪ)

አይቆጠርም። ቬኔር ማለትም ውፍረቱ ከ6 ሚሊሜትር የማይበልጥ ስስ የእንጨት ገጽ በጉምሩክ ታሪፍ ቁጥር 4408 ሲገባ፣ ስስ እንጨቶች ተደራርበው የተጣበቁበት ኮምፔርሳቶ በ4412 ይገባል።

የኢትዮጵያንና የኬንያን የ20 ዓመት የቬኔር ገቢ ለመመረቂያ ጽሑፌ እያወዳደርኩ ነው። ቁጥር ያጣሁባቸውን ዓመታት በዜሮ ሞላኋቸው፤ አማካሪዬ ግን የግራፉ መስመር ለምን ይወድቃል እያለ ያስጨንቀኛል። (ከማራኪ፣ የኢኮኖሚክስ ተማሪ)

አማካሪህ ልክ ናቸው። ዜሮ ማለት ምንም አልገባም ማለት ነው፤ ባዶ ማለት ደግሞ ሪፖርት አልተደረገም ማለት ነው። ዛሬውኑ ዜሮዎቹን አጥፋና መስመሩን እዚያው ላይ ቁረጠው።

ክፍተቱን መገመት ከፈለግህ ሻጭ አገሮች «ወደ ኢትዮጵያ ላክን» ያሉትን ደምር። ይህን ግን በሌላ ቀለም አሳየው እንጂ ከዋናው መስመር ጋር አትቀጥለው። የላኪው ዋጋ ብዙውን ጊዜ የመርከብ ጭነትንና መድንን አይጨምርም፤ የአስገቢው ይጨምራል። በታኅሣሥ የተጫነ ዕቃ በጥር ሲደርስ በሌላ ዓመት ይቆጠራል፤ በጅቡቲ የሚያልፈውንም አንዳንዱ ላኪ መድረሻው ጅቡቲ ነው ብሎ ሊመዘግበው ይችላል።

ቀጥሎ ዶላሩን ለኪሎው አካፍል። የአንዱ ዓመት የኪሎ ዋጋ ካለፈው አሥር እጥፍ ከሆነ ገበያውን ከመተንተንህ በፊት ክብደቱ በስህተት ተመዝግቦ እንደሆነ መርምር። ሜትር ኩብም ብቻውን ያሳስታል። አንድ ሜትር ኩብ በ0.6 ሚሊሜትር ሲሰነጠቅ 1,666 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፣ በ3 ሚሊሜትር ግን 333 ብቻ። አንዱ አገር ለቁም ሳጥን ገጽ የሚሆን ስስ ቬኔር፣ ሌላው ለኮምፔርሳቶ ሆድ የሚሆን ወፍራም ካስገባ እኩል ሜትር ኩብ እኩል ሥራ አይደለም።

የአገር ውስጥ ሪፖርት የምትጠቀም ከሆነ የበጀት ዓመታችን ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 መሆኑን አትርሳ። ከጥር እስከ ታኅሣሥ ከተሰላ የኬንያ ቁጥር ጋር ካጋጠምከው ግማሽ ዓመት ያህል ይዛነፋል። በብር ደግሞ ፈጽሞ አታወዳድር፤ የምንዛሪ ተመኑ በሐምሌ 2016 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ አንድ ሉህ ሳይጨመር በብር የተሠራ መስመር ሽቅብ ይወጣል።

በመጨረሻ 4410ን (ቺፑድ)፣ 4411ን (ኤምዲኤፍና መሰል የእንጨት ጭረት ሰሌዳ) እና 4412ን (ኮምፔርሳቶ) ጎን ለጎን አስቀምጥ። ቬኔር ቢቀንስ አናጺው ገጹ ተሠርቶ ወዳለቀ ቺፑድ ወይም ኤምዲኤፍ ዞሮ ሊሆን ይችላል፤ «ፍላጎት ቀነሰ» ብለህ ከመደምደምህ በፊት ይህን ማየት ግዴታህ ነው። የቀረውን የስታቲስቲክስ መምህርህን ጠይቅ።

ባጭሩ፣ በቬኔር ገቢ ከኢትዮጵያና ከኬንያ ማን ይበልጣል? (ከአራዳ)

በምን ሲለካ? የኢትዮጵያ ሕዝብ ከኬንያ ከእጥፍ በላይ ስለሆነ በጠቅላላው የሚበልጠው በነፍስ ወከፍ ላይበልጥ ይችላል።

ኤምዲኤፍ ላይ የተለጠፈ ቬኔር ላስመጣ ነው። በ4408 ላስገባው? (ከፒያሳ፣ ነጋዴ)

አይሆንም። ሰሌዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ቬኔር ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የትኛው ቁጥር እንደሚይዘው እንደ ሆዱና እንደ ገጹ ስለሚለያይ በግምት ዲክላራሲዮን (የጉምሩክ መግለጫ ቅጽ) እንዳያስሞሉ። ገንዘብ ከመላክዎ በፊት ናሙናውንና የአምራቹን መግለጫ ይዘው ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ጋ ይሂዱ፤ የጉምሩክ ኮሚሽንንም መልስ በጽሑፍ ይጠይቁ። «ጓደኛዬ እንዲህ አስገብቶ ነበር» የሚለውን አይቀበሉ፤ ምደባው ከተቀየረ የቀረጡን ልዩነት የሚከፍሉት እርስዎ ነዎት፣ ዕቃው መጋዘን በቆየ ቁጥርም ኪራይ ይቆጥራል።

ቁጥሩን በነጻ የት አገኛለሁ?

ዋጋና ክብደት ከተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት ከኮምትሬድ፤ ከ1961 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሜትር ኩብ ደግሞ ከዓለም የምግብና የግብርና ድርጅት (ፋኦ) የደን ስታቲስቲክስ።