ኒው ዮርክ ውስጥ ፒዛ በቁራጭ ለመብላት

እህቴ፣ «ለሁለት ቀን ኒው ዮርክ እመጣለሁ፤ በቁራጭ የሚሸጥ ደህና ፒዛ ቤት የቱ ነው? አስተዛዘዙስ እንዴት ነው? ጾም ላይ ብሆንስ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እዚሁ ስለምኖርና ነገሩን ከልቤ ስለምወደው ዘርዘር አድርጌ ልመልስልሽ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ፣ የቤቱን ዝና ብቻ አይተሽ አትሂጂ። ሎምባርዲስ በ1905፣ ጆንስ ኦፍ ብሊከር ስትሪት ደግሞ በ1929 የተከፈቱ ታሪካዊ ቤቶች ናቸው። ግን ሁለቱም የሚሸጡት ሙሉ ፒዛ ነው። ብቻሽን ከሆንሽ አይመቹሽም።

እኔ የምልክሽ ማንሃተን ውስጥ ግሪንዊች ቪሌጅ የሚባለው ሰፈር፣ ካርሚን ስትሪት ላይ ወዳለው ጆስ ፒዛ ነው። ከኔፕልስ አካባቢ የመጣው ጆ ፖዙሊ በ1975 የከፈተው ቤት ነው። ከዌስት ፎርዝ ስትሪት ባቡር ጣቢያ በእግር ትንሽ ነው። ቤቱ ጠባብ ስለሆነ አብዛኛው ሰው ቆሞ ይበላል።

ሰልፉ ቶሎ ይሄዳል። ባንኮኒው ጋ ከመድረስሽ በፊት የምታዢውን ወስኚ። «ዋን ፕሌን» ካልሽ በቂ ነው። ቲማቲም ሶስና ሞዛሬላ ብቻ ያለበት ማለት ነው። እባክሽ የመጀመሪያው ቁራጭሽ እሱ ይሁን። ሊጡ፣ ሶሱና አይቡ ጥሩ መሆናቸው የሚታወቀው ሌላ ነገር ሳይደራረብበት ነው። ፔፐሮኒ የሚባለው ቋሊማ ብዙውን ጊዜ የአሳማ ሥጋ አለበት፤ ለማትበሉ ሰዎች ይህን ልብ በሉልኝ።

መስታወቱ ስር የተደረደረውን ቁራጭ ሲያነሱልሽ «የቆየ ሰጡኝ» ብለሽ አትዘኚ። መልሰው ምድጃ ውስጥ ይከቱታል። ሁለተኛው እሳት ታቹን ኩርሽም ኩርሽም ያደርገዋል። ብዙዎቻችን እንዲያውም እሱን ነው የምንወደው። ሙሉ ፒዛ ገና ከምድጃ ሲወጣ ከደረስሽ ግን ከሱ ጠይቂ፤ አይቡ ለስላሳ ነው፣ ትንሽ ታገሺው እንጂ ምላስ ያቃጥላል።

አበላሉ በእጅ ነው። አዲስ አበባ በቢላና በሹካ የለመድነው እዚህ አይሠራም። በ2014 የያኔው ከንቲባ ቢል ደብላዚዮ ፒዛ በሹካ ሲበሉ ታይተው የከተማው መነጋገሪያ ሆነው ነበር። ቁራጩ ሰፊና ስስ ስለሆነ ጫፉ ይንጠለጠላል። በቁመቱ አጥፈሽ ከጫፉ ጀምሪ፤ ዘይቱም ወደ ወረቀት ሳህኑ ይወርዳል እንጂ ልብስሽ ላይ አይንጠባጠብም። የተሰባበረ ደረቅ ቀይ በርበሬ፣ ኦሬጋኖና የነጭ ሽንኩርት ዱቄት ባንኮኒው ላይ ታገኛለሽ። መጀመሪያ ሳትነሰንሺ ቅመሺው።

ጾሙ ትንሽ ያስቸግራል። እንደ አገር ቤት የጾም ፒዛ በየቤቱ የለም። የሚጋገረው ሙሉው ስለሆነ አንድ ቁራጭ ብቻ ያለ አይብ አይሠሩልሽም። ማሪናራ (አይብ የሌለው፣ በቲማቲም ሶስ ብቻ የሚሠራ) ወይም ቪጋን ቁራጭ ያላቸው ቤቶች ግን አሉ። ማሪናራው ላይ ፓርሜዛን የሚነሰንሱም ስላሉ ቀድመሽ ጠይቂ።

ዋጋው በቁራጭ 4 ዶላር ገደማ ነው። ዝርዝር ብር ያዢ።

ሰዓት ከተረፈሽ ብሩክሊን ሂጂና ኤል ኤንድ ቢ ስፑሞኒ ጋርደንስ አራት ማዕዘኑን ወፍራም ቁራጭ ብዪ። አይቡ ከታች፣ ሶሱ ከላይ ነው። ዋናው ቤት ከማንሃተን ራቅ ስለሚል ግማሽ ቀን መድቢለት።