እየተከፈለኝ የማስታምመው በጎ ሥራ ይሆንልኛል?

ጥያቄ (ሚያዝያ 2012 ዓ.ም.)፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው ሜሪላንድ ነው። በአረጋውያን መጦሪያ፣ ነርሲንግ ሆም በምንለው ቤት፣ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆኜ እሠራለሁ። ኮሮና ከገባ ወዲህ ብዙ አዛውንቶች ሞተውብናል። የታመመውም የቀረውም ሠራተኛ ብዙ ስለሆነ ደብል እሠራለሁ፤ 16 ሰዓት ማለት ነው። ጾሙን እስከ 9 ሰዓት መቆየት አቅቶኛል። በዚያ ላይ በጾም ሥጋና ወተት አጎርሳለሁ። የሞቱትንም አጥባለሁ፤ ሬሳ መንካት ያረክሰኝ ይሆን? ሰኞ ዕለት አንድ አባት እጄን እንደያዙ አረፉ። ልጆቻቸው መግባት አልተፈቀደላቸውም። «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ» አልኩላቸው። የእኛ እምነት ተከታይ አልነበሩም፤ ደግሞም ሰሙነ ሕማማት ነው። አጠፋሁ ይሆን? ዘመዶቼ «ሥራውን ተዪው፣ እግዚአብሔርን አትፈታተኚ» ይሉኛል። ጓደኛዬ ግን «ትጸድቂበታለሽ» ስትለኝ አፍራለሁ። እኔ የምሠራው ለደመወዝ ነው፤ አገር ቤት የምልክላቸው አሉ። የተከፈለኝ ነገር በእግዚአብሔር ፊት ይቆጠርልኛል?

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር ያበርታሽ። የጠየቅሽው ብዙ ነው። የመጨረሻው ግን የሌሎቹ ሁሉ ሥር ስለመሰለኝ ከእሱ ልጀምር።

የደጉን ሳምራዊ ታሪክ ታውቂዋለሽ። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴ የደበደበው ሰው መንገድ ላይ ወድቋል። ካህኑ አይቶት አለፈ፤ ሌዋዊውም አለፈ። ሳምራዊው ግን ቁስሉ ላይ ዘይትና ወይን አፍስሶ አሰረለት፣ በራሱ አህያ ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ወሰደው። ስብከታችን ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ያበቃል። ወንጌሉ ግን አላበቃም። በማግሥቱ ሳምራዊው ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ጠባቂ ሰጠና «ጠብቀው» ብሎት ሄደ (ሉቃ. 10፥35)። እንግዲህ አስቢው። ከዚያ በኋላ ቁስሉን ማን አጠበ? ማን አጎረሰው? ሌሊት ሲያቃስት ማን ተነሣለት? የማደሪያው ጠባቂ ነው። ያውም ተከፍሎት። አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ደመወዝ ነበር፤ ማቴዎስ 20 ላይ የወይኑ አትክልት ሠራተኞች የተስማሙበት ነው። ሳምራዊው «ከዚህ በላይ ብትከስር ስመለስ እከፍልሃለሁ» ሲል ጭምር ነው የተዋዋለው። ጌታ ይህን ሲናገር ጠባቂውን በአንድ ቃል አልነቀፈውም። በዚያው ምዕራፍ ከፍ ብሎ «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና» ብሏል።

ሊቃውንቱ ሲያመሠጥሩትማ ማደሪያው ቤተ ክርስቲያን ናት፣ ጠባቂው መምህራን ናቸው፣ ሁለቱ ዲናር ብሉይና ሐዲስ ናቸው ይላሉ። የእኛ የመምህራን ምሳሌ ሆኖ የተገኘው ያ ደመወዝተኛ ነው ማለት ነው። ስለዚህ በደመወዝሽ አትፈሪ። ለቤተሰብሽ መላክሽም ሌላ በጎ ሥራ ነው፤ ጳውሎስ ለቤተ ሰዎቹ የማያስብ ሃይማኖቱን የካደ ነው ብሎ ለጢሞቴዎስ ጽፎለታል።

ግን ልሸነግልሽ አልፈልግም። ነርሲንግ ሆም መሥራት በራሱ ጽድቅ አይሆንም። ደወል ሲጮኽ ስልኩን እየነካካ የሚቀመጥ አለ። ዳይፐር ሲቀይር ሽማግሌውን እንደ ዕቃ የሚያገላብጥ፣ አይገባቸውም ብሎ በአማርኛ የሚሰድባቸውም አለ። እሱም ደመወዙን ይቀበላል። አንቺ ግን ሰኞ ዕለት እጅሽን አልነጠቅሽም። ይህን የሚያዝ የሥራ ውል ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ ዘመኑን ተመልከቺ። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. አገር ቤት የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ መገኘቱ ተነገረ። በዚያው ዕለት እዚህ አሜሪካ ነርሲንግ ሆሞች ጠያቂ እንዳያስገቡ መመሪያ ወጣ። በሲያትል አጠገብ ከርክላንድ በሚባል ከተማ በአንድ መጦሪያ ውስጥ በኮሮና የደረሰውን እልቂት ያየ ሰው መመሪያው ለምን እንደወጣ ይገባዋል። ውጤቱ ግን ልጅ እናቱን በመስኮት እያየ ማልቀስ ሆነ። ጌታ በፍርድ ቀን «ታምሜ ነበር» ብሎ የሚጠይቀን እኛ ሁላችን በር ተዘግቶብናል። መግባት የተፈቀደው ለአንቺና ለባልደረቦችሽ ነው።

ዘመዶችሽን በተመለከተ፣ ስለሚወዱሽ ነውና አትቆጪያቸው። ጥቅሱን ግን ያለ ቦታው አምጥተውታል። ሰይጣን ጌታን ያለው «ከመቅደስ ጫፍ ላይ ራስህን ወርውር» ነው። ፈተናው ያለ ምክንያት መዝለሉ ላይ ነው። ማስክሽንና ጓንትሽን አድርገሽ፣ እጅሽን ታጥበሽ ወደ ታመመ ሰው ብትገቢ እግዚአብሔርን አልተፈታተንሽም። «እኔን እመቤቴ ትጠብቀኛለች» ብለሽ ማስኩን ብትጥዪው ግን ተፈታተንሽ። እንዲህ የሚሉ አሉ፤ እምነት ይመስላቸዋል።

በ3ኛው መቶ ዘመን እስክንድርያን ወረርሽኝ መታት። የእኛም አባት የሆነው 14ኛው ሊቀ ጳጳስ ዲዮናስዮስ ያኔ የላከውን የፋሲካ መልእክት የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊው አውሳብዮስ ጽፎ አቆይቶልናል። ቀሳውስት፣ ዲያቆናትና ምእመናን በሽተኞችን ሲያስታምሙ፣ የሞቱትን ዓይን ሲከድኑ፣ ሲያጥቡና ሲገንዙ ራሳቸውም ተከትለው ሞቱ ይላል። ይህን ሞት ከሰማዕትነት አላሳነሰውም። ይህን የምነግርሽ ግን ሙቺ ለማለት አይደለም። የስኳር ወይም የአስም ሕመም ካለብሽ፣ ነፍሰ ጡር ከሆንሽ፣ ቤትሽ ውስጥ የደከመች እናት ካለችሽ ሥራውን መተው ኃጢአት የለበትም። ሰማዕትነት በሌላ ሰው ትእዛዝ አይሆንም። መከላከያ የማያቀርብልሽን አለቃም ዝም ብለሽ እንድትታገሺ አልመክርሽም፤ ጠይቂ፣ አመልክቺ።

ጾሙ እንዲህ ነው። ፍትሐ ነገሥት አንቀጽ 15 ጾምን ሰው በታወቀ ሰዓት ከምግብ መከልከሉ ነው ብሎ ይጀምርና ዓላማውን ይናገራል፤ የሥጋ ፍትወት ደክሞ ሥጋ ለነፍስ እንዲታዘዝ ነው። 16 ሰዓት በማስክ ታፍነሽ ሰው ስታነሺና ስታስተኚ ሥጋሽ ቀድሞ ደክሟል። አንቺ ራስሽ ስትደክሚ አንድ አዛውንት ከእጅሽ ቢወድቁ ያ ጾም ለማን ይጠቅማል? ሰዓቱን የሚያቀልልሽ ንስሐ አባትሽ ናቸው። ንገሪያቸው፤ ያሉሽን ያዢ። ምግቡ ግን የጾም ይሁን። ሽሮሽን ቋጥረሽ ሂጂ፣ ውኃ ጠጪ። ሰዓቱ ስላልተቻለኝ ወተቱንም ልጨምር ማለት ሌላ ነገር ነው።

ሥጋ ማጉረስሽ ጾምሽን አይነካውም። የምትጾሚው አንቺ ነሽ እንጂ አዛውንቶቹ አይደሉም። ትኩስ መሆኑን ለማወቅ ብለሽ መቅመስ ብቻ ይቅርብሽ፤ ይህ ደግሞ ለበሽታውም መልካም አይደለም።

ሬሳ መንካት ያረክሳል ወይ ለሚለው፣ ፍርሃትሽ ከኦሪት የመጣ ነው። ዘኍልቍ 19 ሬሳ የነካ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው ይላል። ነገር ግን የፊታችንን ዓርብ ታስቢ። የጌታን ሥጋ ከመስቀል አውርደው የገነዙት ዮሴፍና ኒቆዲሞስ ናቸው፤ ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ ታመሰግናቸዋለች። ጦቢትም በበዓል ቀን የቀረበለትን ማዕድ ትቶ የወገኑን ሬሳ ሊያነሣ ሮጧል። አገራችንም አስከሬን የገነዙት ሰዎች ቀብሩን አጅበው ወደ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። ልብስሽን ቀይሪ፣ ታጠቢ፤ ይህ ስለ በሽታው ነው።

አሁን ወደ ሰኞው አባት። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት እንደማይደረስ ሰምተሽ ነው የፈራሽው። እውነት ነው፤ በሆሳዕና ዕለት በሳምንቱ ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ የሚጸለየውም ለዚህ ነው። ይህ ግን የካህናቱ ሥርዓት ነው። አንቺ ፍትሐት አላደረስሽም፤ ለሚያልፍ ሰው ምሕረት ለመንሽ። ይህን የሚከለክል ቀን የለም። ሃይማኖታቸውን ሳትጠይቂ ታጥቢያቸው የለ? ምሕረትም ለምኚላቸው። ጮክ ማለት አያስፈልግም፤ ቤተሰቦቻቸው በስልክ እየሰሙ ከሆነ በልብሽ በዪው። የራሳቸውን ካህን ወይም ፓስተር በስልክ ማግኘት ከፈለጉ ደግሞ ስልኩን ያዢላቸው።

ዓርብ ሥራ ላይ ከሆንሽ ስግደቱን እዚያ ልስገድ አትበዪ። ኮሪደሩ ላይ ተደፍተሽ ቢያዩሽ የወደቅሽ መስሏቸው ይደናገጣሉ። ሐሙስ ማታ ለንስሐ አባትሽ ደውዪና ስንት እንደምትሰግጂ፣ መቼም እንደምትሰግጂ ይንገሩሽ። የእሑዱ ሺፍትሽ ጠዋት የሚያልቅ ከሆነ ቤትሽ ደርሰሽ፣ ታጥበሽ፣ ጸሎትሽን አድርሰሽ ግደፊ። ዶሮው ካለቀ እኅቶችሽን ውቀሺ።