ከምዕራፍ 7 አልፈን እናንብብ፦ የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ ለክርስቲያን ምን ይነግረዋል?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ለልጄ የኖኅን ታሪክ ሳነብላት «በውኃው የሞቱት ሕፃናትስ ምን አጥፍተው ነው?» ብላ ጠየቀችኝና መልስ አጣሁ። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ታሪኩ ከባቢሎናውያን ተረት የተቀዳ ነው እያለ ይሞግተኛል። በዚያ ላይ ጎርፍ ሰው በወሰደ ቁጥር «እንደ ኖኅ ዘመን ሰዎች የእጃቸውን አገኙ» የሚሉ ምእመናን እሰማለሁ። እምነቴን አልተውኩም፤ ግን ይህን ክፍል ሳነብ ልቤ አያርፍም። እኛ ክርስቲያኖች ከዚህ ታሪክ ምን እንያዝ?

መልስ፦ እኅቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። ልብሽ አለማረፉ አያስደንግጥሽ። እኔን የሚያሳስበኝ ይህን ታሪክ አንብቦ ምንም ያልተሰማው ሰው ነው። ራሱ መጽሐፉ የእግዚአብሔር ልብ በዚያ ዘመን እንዳላረፈ ይናገራል፤ የሰውን ክፋት አይቶ «በልቡም አዘነ» ይላል (ዘፍ. 6፥6)። ከጥፋቱ በፊት የተጻፈው ይህ ኀዘን ነው። ታሪኩን ስናስተምር ግን ብዙ ጊዜ ይህን እንዘልና በቀጥታ ወደ ዝናቡ እንሄዳለን፤ ከዝናቡም እንስሳቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲገቡ የሚያሳየው ሥዕል ላይ እንቆማለን። (ንጹሐኑ እንስሳት ሰባት ሰባት ሆነው እንደገቡ የሚያስተውለው ጥቂት ሰው ነው፤ ነገሩ ግን ኋላ ለመሥዋዕቱ ያስፈልጋል።)

እኔ ይህ ታሪክ የሚፈታው በምዕራፍ 8 መጨረሻ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። እስኪ ሁለት ቃላትን ጎን ለጎን አስቀምጪ። ከውኃው በፊት እግዚአብሔር «የልቡ አሳብ ምኞትም ሁልጊዜ ፈጽሞ ክፉ እንደ ሆነ አየ» ይላል (6፥5)፤ ስለዚህም ፍርዱ መጣ። ከውኃው በኋላ ኖኅ መሠዊያ ሠርቶ ከንጹሐኑ እንስሳትና ወፎች መሥዋዕት ሲያቀርብ እግዚአብሔር በልቡ «ምድርን ዳግመኛ ስለ ሰው አልረግምም፥ የሰው ልብ አሳብ ከታናሽነቱ ጀምሮ ክፉ ነውና» አለ (8፥21)። በመጀመሪያው ለፍርድ ምክንያት የሆነው የልብ ክፋት በሁለተኛው ለትዕግሥት ምክንያት ሆኖ መጣ። በመካከሉ ሰው ተለውጦ ነው? አልተለወጠም። በመርከቡ የተረፉት ስምንቱ ሰዎች ያንኑ የአዳም ልጆች ልብ ይዘው ገብተው ያንኑ ይዘው ወጡ።

መጽሐፉም ይህን አልደበቀም። በምዕራፍ 9 ያ ጻድቅ ወይን ተክሎ፣ ጠጥቶ ሰክሮ፣ በድንኳኑ ውስጥ ዕራቁቱን ተኝቶ እናገኘዋለን። ልብ ብለሽ እንደሆነ፣ ኖኅ መርከቡን ሲሠራም፣ ሲገባም፣ ሲወጣም የተናገረው አንድ ቃል አልተጻፈልንም። የመጀመሪያ ንግግሩ የተመዘገበው ከስካሩ ከነቃ በኋላ ነው፤ እሱም በእርግማን ይጀምራል። የተረገመው የካም ልጅ ከነዓን ነው እንጂ የኖኅ ልጅ ካም ራሱ አይደለም፤ ተራጋሚውም ኖኅ ነው እንጂ እግዚአብሔር አይደለም። ይህን የምጠቅሰው ያንን ቃል አጣምመው የጥቁር ሕዝብ ባርነት ማጽደቂያ ያደረጉ ሰባክያን ስለነበሩ ነው። ያ ትርጓሜ አልነበረም፤ በቃሉ ላይ የተሠራ ግፍ ነበር።

እንግዲህ ውኃው ምድርን አጥቧል፤ ልብን ግን አላጠበም። ብሉይ ኪዳን ከዚህ በኋላ በሙሉ ልብን የሚያጥብ ውኃ ሲናፍቅ ይኖራል። በሕዝቅኤል 36 እግዚአብሔር ንጹሕ ውኃ እንደሚረጭ፣ የድንጋዩን ልብ አውጥቶ አዲስ ልብ እንደሚሰጥ የተናገረው ተስፋ ይህንኑ ጥማት የሚመልስ ነው። ቅዱስ ጴጥሮስም በመጀመሪያ መልእክቱ ምዕራፍ 3 ላይ ስምንት ነፍስ በውኃ እንደ ዳኑ ካነሣ በኋላ ያ ውኃ የጥምቀት ምሳሌ እንደሆነ ይናገራል፤ ወዲያውም ጥምቀት የሰውነትን እድፍ ማስወገድ ሳይሆን ለእግዚአብሔር የሚቀርብ የበጎ ሕሊና ልመና እንደሆነ፣ የሚያድነንም በኢየሱስ ክርስቶስ ትንሣኤ እንደሆነ ይጨምራል። ሐዋርያው የነካው የኖኅ ዘመን ውኃ ያልደረሰበትን ቦታ ነው፤ ሕሊናን።

በኖኅ ዘመን ኃጢአተኞቹ ከውኃው በታች ቀሩ፤ ጻድቁ ከላይ ተንሳፈፈ። በወንጌል ግን ወደ ታች የወረደው ጻድቁ ነው። ጌታችን ወደ ዮርዳኖስ የገባው ኃጢአተኞች በተሰለፉበት ሰልፍ ነበር፤ ኋላም ወደ ሞት ወረደ። እኛም ስንጠመቅ ከሞቱ ጋር አንድ እንሆናለን፤ «ከሞቱ ጋር አንድ እንሆን ዘንድ በጥምቀት ከእርሱ ጋር ተቀበርን» የሚለው የሮሜ 6 ቃል ይህን ይላል። ስለዚህ ጥምቀት ከጥፋት ውኃ የማምለጫ ዘዴ ብቻ አይደለም፤ አሮጌው ሰው በእውነት የሚሞትበት ውኃ ነው፤ የምንወጣው ደግሞ ከክርስቶስ ጋር ነው።

የጥንት አባቶች በዚህ ታሪክ እጅግ ይደሰቱ ነበር። ሰማዕቱ ዮስጢኖስ በሁለተኛው መቶ ዓመት ስምንቱን ነፍሳት ከስምንተኛው ቀን፣ ማለትም ጌታ ከተነሣበት ቀን ጋር አያይዟቸዋል። ጠርጡልያኖስ የወይራ ቅጠል ይዛ የተመለሰችውን ርግብ በዮርዳኖስ በርግብ አምሳል ከወረደው ከመንፈስ ቅዱስ ጋር አገናኝቷል። አውግስጢኖስ በመርከቡ ጎን የተከፈተውን በር በጦር ከተወጋው ከጌታ ጎን ጋር አስተያይቷል፤ ንጹሕና ንጹሕ ያልሆነ እንስሳ በአንድ መርከብ መግባቱንም በቤተ ክርስቲያን ደጉና ክፉው አብረው ለመኖራቸው ምሳሌ አድርጎ አይቶታል። የኋለኛው ደስ ይለኛል፤ «እዚያ ቤተ ክርስቲያን ግብዞች ስላሉ አልሄድም» ለሚል ሰው የምመልሰው እሱን ነው። ነገር ግን እያንዳንዱን ምስማርና ሳንቃ ምሳሌ ለማድረግ የሚታገል ሰባኪ ሲገጥምሽ በትዕግሥት ስሚው፤ ሁሉን እንድትቀበዪ ግን ግድ የለብሽም።

ወደ ባልደረባሽ ልምጣ። ያነሣው ነገር እውነት አለበት፤ አትሸሺው። በነነዌ ፍርስራሽ ከተገኙት ጽላቶች በአንዱ ላይ የተጻፈውን የጥፋት ውኃ ታሪክ ጆርጅ ስሚዝ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1872 አንብቦ ለዓለም አሳወቀ። በዚያ ጊልጋሜሽ በተባለ የጥንት የባቢሎናውያን ታሪክ ውስጥም መርከብ አለ፤ ከመርከብ የሚለቀቁ ርግብ፣ ጨረባና ቁራ አሉ፤ ከውኃው በኋላ የሚቀርብ መሥዋዕትም አለ። ከእርሱ ጋር በሚዛመደው በአትራሐሲስ ታሪክ አማልክቱ ሰውን ለማጥፋት የተነሡት የሰው ጫጫታ እንቅልፍ ስለነሣቸው ነው። ውኃው ሲመጣም አማልክቱ ራሳቸው ይደነግጣሉ፤ በጊልጋሜሽ እንደ ውሻ ተኮራምተው ይታያሉ፤ መሥዋዕት ሲያገኙም እንደ ዝንብ ይሰበሰባሉ።

አሁን ዘፍጥረትን ክፈቺ። እግዚአብሔርን ያሳዘነው የሰው ጫጫታ ሳይሆን ምድርን የሞላው ግፍ ነው (6፥11)። ውኃውን አይፈራም። ተርቦ ወደ መሥዋዕቱ አይሮጥም። ከውኃው የተረፈው የባቢሎኑ ጀግና የማይሞት ሕይወት ይሰጠዋል፤ ኖኅ ግን 950 ዓመት ኖሮ ሞተ፤ እንደ እኛው ሰው ነበርና። የጥንት ሕዝቦች ስለ አንድ ታላቅ የውኃ ጥፋት ማውራታቸው እኔን አያናውጠኝም። ጥያቄው «ስለ ውኃው ማን ቀድሞ ጻፈ?» ከሆነ ለባልደረባሽ መልቀቅ ትችያለሽ፤ «የፈረደው አምላክ ምን ዓይነት ነው?» ከሆነ ግን ሁለቱ ታሪኮች አይገናኙም።

የውኃውን ስፋት በተመለከተ ምድርን ሁሉ ሸፈነ የሚሉም፣ በዚያን ጊዜ ሰው የኖረበትን አገር ነው የሚሉም አማኝ ሊቃውንት አሉ። መርከቡ ተገኘ የሚሉ ቪዲዮዎችን ደግሞ እምነትሽን እንዳታንጠለጥዪባቸው፤ መጽሐፉ ራሱ «በአራራት ተራሮች» ይላል እንጂ አንድ ተራራ አልጠቆመም።

«ጎርፍ የወሰዳቸው የእጃቸውን አገኙ» የሚለው አነጋገር ግን ያሳዝነኛል፤ ደግሞም ምዕራፍ 9ን አለማንበብ ነው። እግዚአብሔር ቀስቱን በደመና ያደረገው ከጻድቃን ጋር ብቻ ለገባው ኪዳን አይደለም። ኪዳኑ ከኖኅና ከዘሩ ጋር፣ ከወፎች፣ ከእንስሳትና ከምድር አራዊት ሁሉ ጋር ነው። ጌታም በሰሊሆም ግንብ ወድቆ ስለገደላቸው 18 ሰዎች በሉቃስ 13 ሲናገር በኢየሩሳሌም ከሚኖሩት ይልቅ በደለኞች እንዳልነበሩ ገልጾ፣ ንስሐን ከሚሰሙት ጠየቀ። ከዚያ በኋላ ማን በጎርፍ በሞተ ሰው ላይ ይፈርዳል? ተረፍን የምንል እኛ የመጀመሪያ ሥራችን ማልቀስና እጅ መዘርጋት ነው።

በዚህ ላይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ላሳይሽ። ሁሉም ከገቡ በኋላ «እግዚአብሔርም በስተ ኋላው ዘጋበት» ይላል (7፥16)። ኖኅ መርከቡን በገዛ እጁ ሠርቷል፤ ውስጡንም ውጭውንም በቅጥራን ለቅልቋል፤ በሩን ግን እሱ አልዘጋም። «ለእገሌ አብቅቶለታል» የሚል ቃል ከአፋችን ሊወጣ ሲል ይህች ጥቅስ ልትመጣልን ይገባል። ቅዱስ ጴጥሮስ በሁለተኛው መልእክቱ ኖኅን የጽድቅ ሰባኪ ይለዋል፤ ሰባኪ ደግሞ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ይጣራል እንጂ ማን እንደሚቀር አይቆጥርም።

ጌታ ራሱ በማቴዎስ 24 የኖኅን ዘመን ሲያነሣ ግፉን አልዘረዘረም። ይበሉ፣ ይጠጡ፣ ያገቡ፣ ይጋቡ ነበር አለ። ከእነዚህ አንዱም ኃጢአት አይደለም። ውኃው መጥቶ ሁሉን እስከ ወሰደ ድረስ ሳያውቁ መኖራቸው ነው ነገሩ። እኔን ይህ ከዝናቡ ይልቅ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም በመብላት፣ በመጠጣት፣ ልጅ በመዳርና ቤት በመሥራት የተያዘ ሕይወት የእኔም ነው። «ነገ ንስሐ እገባለሁ» የሚል ሰው ክፉ ሰው ላይሆን ይችላል፤ ሥራ የበዛበት ሰው ነው። የዘገየሽው ንስሐ ካለ ከዚህ ታሪክ የምትወስጂው የመጀመሪያው ተግባር እሱ ነው።

ሁለተኛው መጠበቅ ነው። ኖኅ የመርከቡን ክዳን አንሥቶ የምድሩን ፊት ደርቆ ያየው በመጀመሪያው ወር በመጀመሪያው ቀን ነበር፤ የወጣው ግን በሁለተኛው ወር ከ27ኛው ቀን በኋላ፣ እግዚአብሔር «ውጣ» ሲለው ነው (8፥13-16)። ሁለት ወር ለሚሆን ጊዜ ደረቅ ምድር እያየ ከእንስሳት ጋር ተቀመጠ። ጸሎቱ የተመለሰለት መስሎት ገና በሩ ያልተከፈተለት ሰው ኖኅን ያውቀዋል።

አሁን ወደ ልጅሽ ጥያቄ። ሕፃናቱ በውኃው ለምን እንደሞቱ መጽሐፉ ለብቻው አይነግረንም፤ «ወላጆቻቸው ክፉ ስለነበሩ» ብለሽም አታሳልፊባት፤ እሱ መልስ አይሆናትም፣ ሊያስፈራትም ይችላል። የምናውቀውን ንገሪያት። ምድር በግፍ ተሞልታ ነበር፤ ግፍ ባለበት ደግሞ ቀድሞ የሚጎዳው ሕፃን ነው፤ እግዚአብሔር ይህን አይቶ አዘነ። ከዚያም ሌላ ነገር አለ። ያው ቅዱስ ጴጥሮስ ክርስቶስ በመንፈስ ሄዶ በወኅኒ ላሉ ነፍሳት እንደሰበከ ሲጽፍ ለይቶ የጠቀሳቸው በኖኅ ዘመን ያልታዘዙትን ነው (1ጴጥ. 3፥19-20)። አባቶች ይህን ቃል የተረጎሙበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም፤ ብዙዎቹ ግን ጌታ ወደ ሲኦል ወርዶ ለሙታን ማብሠሩን አይተውበታል። ሐዋርያው ከሙታን ሁሉ መርጦ እነዚያን ማንሣቱ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ያልታዘዙትን ፍለጋ የወረደ ጌታ ምንም ያላጠፉትን ሕፃናት ይረሳል ብዬ አላስብም።

ይህንንም ሰምታ «ግን ለምን?» ካለችሽ አትቆጫት፤ ጥያቄዋን ይዛ ትደግ። በሚቀጥለው ጊዜ ስታነቢላት ከምዕራፍ 6 ጀምረሽ እስከ 9፥17 ሳታቋርጪ አንብቢላት፤ ከሩብ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ኖኅ እጁን ዘርግቶ ማረፊያ ያጣችውን ርግብ ወደ ውስጥ ሲያስገባት (8፥9) ትንሽ ቆም በይላት፤ ልጆች እዚያ ጋ ሌላ ጥያቄ ማንሣት ይወዳሉ።