ፎር ዊል መኪናን ከመንገድ ውጪ ከሚደርስ ጉዳት መጠበቅ፦ ጥያቄና መልስ

ጥርጊያ በሌለበት መሬት ላይ ስለሚነዱ መኪናዎች፣ ስለሚደርስባቸው ጉዳትና ስለ መከላከያ ዕቃዎች የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። በብዙዎቹ መልሶች ውስጥ የምመለስበት አንድ ሐሳብ አለ፤ ማንኛውም መከላከያ የምቱን ኃይል ወደታሰረበት ቦታ ያስተላልፈዋል እንጂ አያጠፋውም። ስለዚህ አንድን ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ከብረቱ ውፍረት አስቀድማችሁ የት ላይ እንደሚታሰር ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ ሁሉንም መከላከያ በአንድ ጊዜ ለመግጠም አይበቃም። ከየትኛው እንድጀምር ይመክሩኛል?

መልስ፦ መኪናዎን ከገባበት እንዳይወጣ ከሚያደርገው ጉዳት ይጀምሩ። የተላጠ ቀለምና የተጨረመተ በር ያናድዳል እንጂ መንገድ ላይ አያስቀርም፤ የተቀደደ ጎማ፣ የተሰነጠቀ የዘይት ኮፓ (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት መያዣ) እና የታጠፈ ታይሮድ (መሪውን ከጎማው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ) ግን ያስቀራሉ። በመሆኑም ጎኑ ጠንካራ የሆነ ጎማና በልኩ ከእሱ ጋር እኩል የሆነ ስኮርታ ይቀድማል፤ ቀጥሎ ከፊትም ከኋላም በሻንሲው (የመኪናው ዋና የብረት አጽም) ላይ የታሰረ የመጎተቻ ቀለበት፣ ከዚያ የሥር መከላከያ ላሜራ፣ ከዚያም የጎን መከላከያ ይከተላል። ቡል ባር (ከፊት የሚገጠመው የብረት መከላከያ) ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው ዕቃ ቢሆንም፣ እንስሳት በሚበዙበት መንገድ በሌሊት የማይነዱ ከሆነ መጨረሻ ላይ ቢመጣ ይሻላል እላለሁ።

ጥያቄ፦ የሥር መከላከያው ላሜራ ብረት ይሁን ወይስ አልሙኒየም?

መልስ፦ ምርጫውን የሚወስነው የሚነዱበት መሬት ነው። ብዙውን ጊዜ የብረቱ ላሜራ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር፣ አልሙኒየሙ ደግሞ 6 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት አለው። አልሙኒየም በእኩል ይዘት የብረትን ክብደት አንድ ሦስተኛ ያህል ብቻ ስለሚመዝን፣ የ6 ሚሊ ሜትሩ አልሙኒየም ከ3 ሚሊ ሜትሩ ብረት እንኳ ይቀላል። ሆኖም ለስላሳ ነው፤ የመኪናው ክብደት ስለታም ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ድንጋዩ ላሜራውን ቦርቡሮ ይይዘዋል፣ ብረት ግን በላዩ ተንሸራቶ ያልፋል። ድንጋያማ መሬት ለሚበዛበት ሰው ብረትን፣ አሸዋና ጭቃ ለሚበዛበት ደግሞ አልሙኒየምን እመርጣለሁ።

ከዚህ ምርጫ ይበልጥ ሊያሳስብዎ የሚገባው ግን አገጣጠሙ ነው። ላሜራው በሻንሲው ወይም የሻንሲውን ሁለት ጎኖች በሚያያይዘው አግዳሚ ላይ መታሰር አለበት፤ ከኮፓው ጋር ተጣብቆ ያለ ክፍተት ከተገጠመ፣ ጥቂት በታጠፈ ቁጥር ኮፓውን የሚሰነጥቀው ራሱ ላሜራው ይሆናል። የብሎኖቹን ራስም አይተው ይግዙ። ወደ ታች ወጥቶ የቀረ የብሎን ራስ በድንጋይ ተደፍጥጦ በቁልፍ የማይያዝ ይሆንና ዘይት በሚቀየርበት ቀን ቆርጦ ከማውጣት ሌላ አማራጭ አይኖርም፤ ስለዚህ ራሱ ጠልቆ የሚቀመጥበት ጎድጓዳ ማረፊያ የተሠራለትን ይምረጡ። ላሜራው ላይ የሚጠራቀም ጭቃ እርጥበት ይዞ ስለሚያዛግ በየጊዜው ፈትቶ ማጠብ ያስፈልጋል። ከጭቃው የከፋው ደረቅ ሣር ነው፤ በላሜራውና በጋለው የጭስ ማውጫ መካከል ታጭቆ እሳት ሊነሳ ይችላል። ረጅም ደረቅ ሣር ውስጥ በሚነዱበት ቀን እየቆሙ ጎንበስ ብለው ይመልከቱ፣ የተጠራቀመውንም በሽቦ ስበው ያውጡት።

ጥያቄ፦ መኪናዬ ከፋብሪካ ይዞት የመጣው የጎን መርገጫ እንደ መከላከያ አያገለግልም?

መልስ፦ አያገለግልም። መርገጫው የተሠራው የሰው ክብደት እንዲሸከም ነው፤ ድንጋይ ላይ ሲያርፍ ወደ ላይ ታጥፎ የበሩን ሥር ይጎዳል፣ አንዳንዴም በሩ እንዳይከፈት ያደርጋል። እውነተኛው የጎን መከላከያ ከወፍራም ቧንቧ ተሠርቶ በጠንካራ ክንዶች ከሻንሲው ጋር የተያያዘ ሲሆን፣ የመኪናው ጎን በሙሉ ቢያርፍበት መቻል አለበት። ራሱን የቻለ ሻንሲ የሌለው መኪና ካለዎት ለዚያው ሞዴል ተብሎ የተሠራውን ብቻ ይግጠሙ።

ጥያቄ፦ ቡል ባር ብገጥም ኤርባጉ ላይ ችግር ያመጣል?

መልስ፦ ሊያመጣ ይችላል። የዘመኑ መኪና የፊት ክፍል በግጭት ጊዜ ደረጃ በደረጃ እየተጨማደደ ኃይሉን እንዲውጥ ታስቦ የተሠራ ነው፤ ኤርባጉ መቼ እንደሚፈነዳም የሚወሰነው ፍጥነቱ በምን ያህል ድንገት እንደቀነሰ በሚለኩ ሴንሰሮች ነው። በሻንሲው ጫፍ ላይ በቀጥታ የተበየደ ግትር ብረት ይህን ሁሉ ይለውጠዋል። ስለዚህ ለመኪናዎ ሞዴልና ለተመረተበት ዓመት ከኤርባጉ ጋር ተፈትኖ የተዘጋጀውን እንጂ በግምት የተበየደውን አይግጠሙ። የብረት ቡል ባርና ዊንች (ገመድ እየጠቀለለ መኪና የሚስብ መሣሪያ) ተደምረው ከ100 ኪሎ ሊበልጡ ስለሚችሉ የፊት ሞላዎቹን መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል፤ ክብደቱም ፋብሪካው ከፈቀደው የጭነት ልክ ላይ ይቀነሳል። ግትር ብረት እግረኛን ከፕላስቲክ ፓራውልት ይልቅ ክፉኛ እንደሚጎዳም አይዘንጉ።

ጥያቄ፦ ከሥር ድንጋይ መታኝ፤ መኪናው ግን ይሄዳል። ጉዞዬን ልቀጥል?

መልስ፦ ሳይፈትሹ አይቀጥሉ። ሞተሩን አጥፍተው፣ መኪናው ሜዳ ላይ እንዲቆም አድርገው፣ በመብራት ከሥር ይመልከቱ። የሚንጠባጠብ ነገር ካለ በጣትዎ ነክተው ያሽትቱት፤ ጥቁርና ልስልስ ከሆነ የሞተር ዘይት፣ ቀይ ከሆነ ብዙውን ጊዜ የአውቶማቲክ ካምቢዮ ወይም የመሪ ዘይት፣ ቀለም ያለውና ጣፋጭ ሽታ የሚሰጥ ከሆነ የራዲያተር ማቀዝቀዣ ነው። ጎማው አጠገብ የሚታይ ቀጭን ፈሳሽ የፍሬን ዘይት ሊሆን ስለሚችል መኪናውን ከዚያ ቦታ አያንቀሳቅሱት። ጠርቶ የሚወርድ፣ ሽታ የሌለው ውሃ ግን ብዙውን ጊዜ ከአየር ማቀዝቀዣው ስለሚመጣ አያሳስብም።

ቀጥለው መሪውን ይመልከቱ። በቀጥታ መንገድ ሲነዱ መሪው ወደ አንድ ወገን ካጋደለ ታይሮዱ ታጥፎ ሊሆን ይችላል። በቸርኬው የውስጥ ገጽ ላይ የተረጨ ግራሶ ካዩ የሲቪ ጆይንቱ (ኃይልን ወደ ጎማው የሚያስተላልፈው ተጣጣፊ መጋጠሚያ) የጎማ ሽፋን ተቀድዷል፤ ሽፋኑን ቶሎ ከቀየሩት ጆይንቱ ይተርፋል፣ ሲጠመዘዙ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መስጠት ከጀመረ ግን አልፎበታል። በጉዞ ላይ የዘይት መብራቱ ከበራ እስከሚቀጥለው ጥላ እንኳ ሳይሉ ሞተሩን ወዲያው ያጥፉ፤ ያለ ዘይት ግፊት ሞተር የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

ጥያቄ፦ ወንዝ ስሻገር ሞተሩ ውሃ ውስጥ ጠፋ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

መልስ፦ ከሁሉ በላይ፣ መልሶ ለማስነሳት አለመሞከር። ውሃ እንደ አየር አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ ገብቶ ሳለ ሞተሩ ከተነሳ ፒስቶኑን የሚገፋው ክንድ ይታጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ሞተሩን ሙሉ በሙሉ መፍታት ነው። መኪናው በሌላ መኪና ተስቦ ይውጣ። ከዚያም የአየር ማጣሪያው ይከፈት፤ እርጥብ ከሆነ ካንዴላዎቹ፣ በናፍጣ ሞተር ደግሞ እንደ አሠራሩ ካንዴሌቶቹ ወይም ኢንጀክተሮቹ ወጥተው ሞተሩ በመጠምዘዝ ውሃው እንዲወጣ ይደረግ። ከመግባትዎ በፊት በእግር ሄደው ጥልቀቱን መለካት ይኖርብዎታል፤ በእግር ለመሻገር የሚያስፈራ ውሃ ለመኪናም አይሆንም። ስኖርክል የአየር መግቢያውን ከፍ ያደርጋል እንጂ ወራጅ ውሃ መኪናውን ከመውሰድ አያግደውም።

ጥያቄ፦ ከዚያው መሻገር በኋላ የዲፈረንሻሉ (ኃይልን ለግራና ለቀኝ ጎማ የሚያከፋፍለው ክፍል) ዘይት ወተት መሰለ። ጎሚኒዎቹ (ዘይት እንዳያፈስ የሚያግዱት የጎማ ቀለበቶች) ግን አዲስ ናቸው።

መልስ፦ በጉዞ የጋለ ዲፈረንሻል ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ በውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን ወደ ውስጥ ይስባል፤ ጎሚኒው አዲስ ቢሆንም መተንፈሻው ዝቅ ብሎ ውሃ ውስጥ ከገባ ወይም በጭቃ ከተደፈነ አያድንም። ዘይቱን ሳይውል ሳያድር ይቀይሩ፣ ጥርሶቹና ኩሽኔታዎቹ ይዝጋሉና። መፍትሔው መተንፈሻውን በቀጭን ቱቦ እስከ ሞተር ክፍሉ አናት ድረስ ማራዘም ሲሆን፣ በእኔ እምነት ከሁሉም መከላከያዎች መካከል በዝቅተኛ ወጪ ብዙ የሚያድነው ይህ ነው።

ጥያቄ፦ በጎኑ የተቀደደ ጎማ ይጠገናል?

መልስ፦ በዘላቂነት አይጠገንም። በመርገጫ ገጹ ላይ ያለ ቀዳዳ ይደፈናል፤ ጎኑ ግን ሲነዱ ሁልጊዜ የሚተጣጠፍ ስለሆነ ጥገናው አይጸናበትም።

ጥያቄ፦ የተቀረቀረ መኪና በተጎታች ማያያዣው ኳስ ላይ ገመድ አስሮ መሳብ ይቻላል?

መልስ፦ በፍጹም። ኳሱ የተሠራው ተጎታችን በእርጋታ ለመሳብ ነው፤ ተለጣጭ ገመድ በሚፈጥረው ድንገተኛ ጉተታ አንገቱ ተሰብሮ እንደ ጥይት ይወረወራል፣ በዚህም ሰዎች ሞተዋል። ፋብሪካው ለማጓጓዣ ማሰሪያ ያበጀው ቀጭን ቀለበትም ለዚህ አይሆንም። በሻንሲው ላይ የታሰረ፣ የመሸከም አቅሙ የተጻፈበት ቀለበትና ሻክል (ገመዱን ከቀለበቱ ጋር የሚያያይዝ፣ በብሎን የሚዘጋ ብረት) ይጠቀሙ፤ የዊንች አቅምም መኪናው ከነጭነቱ ከሚመዝነው ቢያንስ አንድ እጥፍ ተኩል ይሁን። ገመዱ ሲወጠር ከሾፌሮቹ በቀር ማንም ሰው ከገመዱ ርዝመት ባነሰ ርቀት መቆም የለበትም።

ጥያቄ፦ የተሰነጠቀ ሻንሲ ቢበየድ ይጸናል?

መልስ፦ ስንጥቁ እስከ ጫፉ ተከፍቶ፣ ከጫፉም ላይ እንዳይቀጥል በቀጭን ቀዳዳ ተገትቶ፣ ከላዩ ማጠናከሪያ ከተጨመረበት ሊጸና ይችላል። ነገር ግን ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው የሾክ አብዞርበሩና የባሌስትራው ማሰሪያዎች ዙሪያ ስለሆነ፣ ከመበየዱ በፊት ከመጠን ያለፈ ጭነት ወይም የሞተ ሾክ አብዞርበር መኖሩ ይጣራ፤ ምክንያቱ ሳይወገድ የተበየደ ሻንሲ ከብየዳው አጠገብ ደግሞ ይሰነጠቃል። ብየዳው ከመጀመሩ በፊትም የባትሪው ገመዶች ይፈቱ፣ የብየዳው መሬት ሽቦም ከሚበየደው ቦታ አጠገብ ይታሰር፤ ይህ ካልሆነ የመኪናው ኮምፒውተር ሊቃጠል ይችላል።