ከ«ገዢ» ወደ «አስተዳዳሪ»

ጥያቄ፦ አያቴ የጎንደርን ሹም ዘወትር «ገዢ» ይሉታል፤ እኛ «አስተዳዳሪ» እንላለን። ልዩነቱ የስም ብቻ ነውን?
አንባቢ፣ ከአዘዞ

መልስ፦ አይደለም። የጥንቱ የበጌምድር ገዢ ግብር ሰብሳቢ፣ ዳኛና የጦር አዝማች በአንድነት ነበር፤ ራስ ጉግሣ ወሌ በ1922 ዓ.ም. አንቺም ላይ የወደቁት የራሳቸውን ጦር እየመሩ ነው። ጣሊያን ጎንደርን የ«አማራ» ግዛቱ ዋና ከተማ ሲያደርጋት ደግሞ ገዢው ከሮም የሚሾም፣ አዲስ አበባ ለተቀመጠው እንደራሴ የሚታዘዝ ሹም ሆነ። የመጨረሻው ጄኔራል ናዚ (ስሙ ከጀርመኑ ፓርቲ ጋር አይገናኝም) ኅዳር 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ።

ትልቁ ለውጥ፣ በእኔ ግምት፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ የወጣው የአስተዳደር ደንብ ነው፤ ጠቅላይ ገዢው የራሱ ጦር የሌለው፣ ግብሩንም ለገንዘብ ሚኒስቴር የተወ፣ በአገር ግዛት ሚኒስቴር ሥር በደመወዝ የሚያድር ሹም ሆነ። አያትዎ የሚጠሩት ስም ግን ሥልጣኑ ከተሸረፈ በኋላም ብዙ ዘመን ቆየ።