ባቡሩ ሳይደርስ የሚያልቅ ሥራ፦ ለመስተንግዶ ጀማሪዎች

ውድ የሙያ ልጆቼ፣

በሆቴል መስተንግዶ ሥራ ቆይቼ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ጀማሪ አስተናጋጆች ምክር ሲጠይቁኝ፣ ከመማሪያ መጽሐፍ አስቀድመው አንድ የቆየ የሆሊውድ ፊልም እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። ፊልሙ «ዘ ሃርቪ ገርልስ» ይባላል፤ ኤም ጂ ኤም የተባለው የፊልም ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1946 ለእይታ ያበቃው፣ ጆርጅ ሲድኒ ዳይሬክት ያደረገው፣ ጁዲ ጋርላንድ ዋና ገጸ ባሕርይዋን የተጫወተችበት የሙዚቃና የካውቦይ ፊልም ነው። ዘፈን ስለሚበዛበት እንደ ዋዛ የሚያዩት አሉ። እኔ ግን ስለ ሙያችን ከተሠሩት ፊልሞች ከቁም ነገር የምቆጥረው ነው፤ የሚያሳየው ብቻ ሳይሆን የሚሸሽገውም ያስተምራል።

ታሪኩ የሚጀምረው ባቡር ውስጥ ነው። ሱዛን ብራድሊ የምትባል ወጣት በደብዳቤ ብቻ የምታውቀውን ሰው ልታገባ ከኦሃዮ ተነሥታ፣ ሳንድሮክ ወደምትባል በልብ ወለድ ወደተፈጠረች የምዕራብ አሜሪካ ከተማ ትጓዛለች። በዚያው ባቡር አዲስ በሚከፈተው የሃርቪ ምግብ ቤት ለማስተናገድ የተቀጠሩ ልጃገረዶች ተሳፍረዋል። ሱዛን ደርሳ ስታጣራ፣ ልቧን የማረኩት ደብዳቤዎች ባለ መሸታ ቤቱ ኔድ ትሬንት ለቀልድ የጻፋቸው ሆነው ይገኛሉ። ጋብቻው ይቀራል፤ እርሷም ሽርጥ ታጥቃ ሥራ ትጀምራለች። የፍቅሩን ነገር ለእናንተ ትቼዋለሁ፤ ፊልሙም ቢሆን ለዘፈኑ የተጨነቀውን ያህል አልተጨነቀበትም።

ምግብ ቤቱ በስሙ የተጠራው ፍሬድ ሃርቪ ግን በእርግጥ የነበረ ሰው ነው። ለንደን ተወልዶ በወጣትነቱ ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ እ.ኤ.አ. በ1876 ደግሞ ከሳንታ ፌ የባቡር ድርጅት ጋር ተስማምቶ በካንሳስ ግዛት ቶፒካ ከተማ ባለው ጣቢያ ምግብ ቤት ከፈተ። በዚያ ዘመን ወደ ምዕራብ የሚጓዝ ሰው በየጣቢያው ወርዶ ያገኘውን፣ ብዙ ጊዜም የማይበላውን፣ ጎርሶ ይሳፈር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1883 በኒው ሜክሲኮ ራቶን በምትባል ከተማ ወንዶቹ አስተናጋጆች ተደባድበው ስላስቸገሩ ሁሉም ተባረሩና በምትካቸው ሴቶች ተቀጠሩ ይባላል። ሃርቪም በጋዜጣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሆናቸው፣ መልካም ጠባይ ያላቸው ወጣት ሴቶች እንደሚፈልግ ያስነግር ጀመር።

አሁን የምነግራችሁን ልብ በሉልኝ። ባቡሩ የሚቆመው ግማሽ ሰዓት ያህል ሲሆን፣ በዚያች ጊዜ ተጓዡ ወርዶ፣ በነጭ ጨርቅ በተሸፈነ ገበታ ተቀምጦ፣ ሙሉ ምግብ ሳይዋከብ በልቶ መመለስ አለበት። ይህ የሚሳካው አስተናጋጆቹ ስለሚሮጡ አልነበረም። ስንት ሰው እንደሚመገብ የባቡሩ ሠራተኞች ገና በመንገድ ላይ ሳሉ ጠይቀው ቁጥሩን በቴሌግራፍ ወደሚቀጥለው ጣቢያ ያስተላልፋሉ፤ ስለዚህ እንግዶቹ ሲገቡ የመጀመሪያው ምግብ ገበታው ላይ ቀርቦ ይጠብቃቸዋል። ከዚያ አንዷ ልጅ የሚጠጡትን እየጠየቀች ስኒውን እንደ ምርጫቸው ታስቀምጠዋለች፦ በማስቀመጫው ላይ ቀጥ ብሎ ከቆመ ቡና፣ ከተደፋ ትኩስ ሻይ፣ ተደፍቶ ጠርዙ ማስቀመጫው ላይ ከተደገፈ በረዶ ያለው ሻይ፣ ተደፍቶ ከማስቀመጫው ራቅ ካለ ደግሞ ወተት ነው። የምትቀዳዋ ከኋላ ትመጣና ማንንም ሳትጠይቅ ለእያንዳንዱ የፈለገውን ትቀዳለታለች። እንግዳው የልቡን ያወቀችለት ይመስለዋል።

ቀልጣፋ የሚባል አስተናጋጅ በዓይን ሲታይ የማይቸኩል ሰው ነው። ችኮላውን እንግዳ ሳይገባ ጨርሶታል። ስለዚህ በሥራ መጀመሪያችሁ ሰሞን ትሪ በአንድ እጅ መሸከምን ከመለማመዳችሁ በፊት፣ ከወጥ ቤቱና ከባልደረቦቻችሁ ጋር በምን ምልክት እንደምትግባቡ እወቁ፤ ምልክት ከሌላችሁም ተስማምታችሁ አብጁ። ዛሬ ትእዛዝ በታብሌት ይላካል፤ ነገር ግን የአራት ሰው ምግብ ይዞ መጥቶ «ዓሣው የማን ነበር?» ብሎ የሚጠይቅ አስተናጋጅ አሁንም በየቤቱ አለ።

ፊልሙ ይህን አይዘለውም። አዲሶቹ ልጆች ገበታ ሲያሰናዱና ሥራ ሲማሩ የሚያሳይ «ባቡሩ መመገብ አለበት» የሚል መልእክት ያለው ሙሉ ዘፈን አለው፤ የሥራ ደንብ በዜማ ሲነገር የሰማሁት እዚያ ብቻ ነው። አካዳሚ አዋርድ (ኦስካር) ያገኘው የሃሪ ዋረንና የጆኒ መርሰር የባቡር ዘፈን ይበልጥ ይታወቃል፤ ለእናንተ የሚጠቅመው ግን ያኛው ነው። ሱዛን የተሰረቀውን የምግብ ቤቱን ሥጋ ለማስመለስ ሁለት ሽጉጥ ይዛ ወደ መሸታ ቤቱ የምትገባበትን ትዕይንትም እዩት። ሽጉጡ እጇ ላይ አላማረም፤ አያያዙን እንደማታውቅበት ሁሉም ያያል፤ እርሷ ግን ባቡር ሲመጣ ባዶ ሳህን ማቅረብን ከሽጉጡ ይልቅ ፈርታለች። (እንዲህ ያለ ቆራጥነት እወዳለሁ፤ ሽጉጡን ግን ተዉት።) ፈረስ የሚፈራው አንጥረኛ ክሪስ ቆሞ አልማ የምትባለዋ አስተናጋጅ እየዘፈነች የፈረሱን ጫማ ስትመታለት ደግሞ፣ ሥራው በአንዱ ስም ተመዝግቦ በሌላው እጅ እንደሚሠራ ታያላችሁ።

ይህ ነገር በራሱ በፊልሙ አሠራርም አለ። የመሸታ ቤቷን ኮከብ ኤምን ሆና የተጫወተችው ያን ጊዜ ገና ወጣት የነበረችው አንጄላ ላንስበሪ ናት፤ ስትዘፍን የምንሰማው ድምፅ ግን የቨርጂኒያ ሪስ ነው። ተመልካች የሚያጨበጭበው ለሚያየው ፊት ነው። በእኛም ቤት ሳህን አጣቢው፣ የገበታ ጨርቅ የሚተኩሰው፣ ሌሊት ዳቦ የሚጋግረው በእንግዳ አይታወቅም፤ ጉርሻ ስትካፈሉ እነርሱን የማያስታውስ ክፍል ውስጥ ከተመደባችሁ፣ ማስታወሱን እናንተ ጀምሩት።

ፊልሙ ቶሎ የሚያልፈው የቅጥሩን ውል ነው። እውነተኞቹ የሃርቪ ልጆች በወር 17.50 ዶላር፣ ከዚህ ሌላ ማደሪያ፣ ምግብና ጉርሻ ያገኙ ነበር፤ ለዘመኑ ሴት መልካም ገቢ ነበረ፤ ብዙዎቹንም ከቤተሰባቸው ደጅ አውጥቶ የራሳቸውን ገንዘብ አስይዟቸዋል። በአንጻሩ በኃላፊ ሴት ጥበቃ ሥር በጋራ ያድራሉ፣ ማታ የመግቢያ ሰዓት አላቸው፣ ውሉ እስኪያልቅም ላለማግባት ይፈርማሉ። አንዱን ብቻ አይቶ «የታደሉ» ወይም «የተበደሉ» ማለት ቀላል ነው፤ እኔ ሁለቱም አብረው እንደነበሩ አምናለሁ።

እናንተም ዛሬ ሀገር ውስጥም ሆነ ውጭ ለምትቀጠሩበት ቤት ከመፈረማችሁ በፊት ማደሪያና ምግብ ከደመወዝ ይቆረጥ እንደሆነ፣ ጉርሻ በማን እጅ እንደሚሰበሰብና እንዴት እንደሚከፋፈል በጽሑፍ ተመልከቱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ እንግዳ ከመግባቱ በፊት ገበታ የምታሰናዱበትና ከወጣ በኋላ የምታነሡበት ጊዜ እንደ ሥራ ሰዓት ተቆጥሮ የሚከፈልበት መሆኑን ጠይቁ።