የመጀመሪያ ድሮናችሁን ለምትገዙ ልጆቼ

«የትኛውን ድሮን ልግዛ?» የሚል ጥያቄ ከወጣት ፎቶ አንሺዎች በየጊዜው ይደርሰኛል። ከባሕር ዳርም፣ ከደብረ ማርቆስም፣ ከእንጅባራም። ዕድሜዬን በካሜራ የጨረስኩ ሰው ነኝና ጥያቄው ደስ ይለኛል። መልሴ ግን ከሞዴል ስም አይጀምርም። ከፈቃድ ይጀምራል።

በአገራችን ድሮን ያለ ፈቃድ አይገባም፣ ያለ ፈቃድም አይበርም። የመረጃ መረብ ደህንነት አስተዳደርንና የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ሳትጠይቁ ብር አታውጡ። «ትንሽ ናት፣ ማን ያያታል» የሚላችሁን ሻጭ አትስሙት። በአንዳንድ አገሮች ከ250 ግራም በታች ለሆነ ድሮን ሕጉ ይላላል። ያንን ዩቲዩብ ላይ አይታችሁ እዚህም ይሠራል ብላችሁ እንዳትሸወዱ።

ፈቃዱ ካለ፣ ለመጀመሪያ ትንሹን ምረጡ። ለምሳሌ የዲጄአይ ኩባንያ ሚኒ 4 ፕሮ 249 ግራም ይመዝናል፣ ፎቶውን በራው ፎርማት፣ ማለትም ሳይጨመቅ በኋላ ለማረም በሚመች መልክ፣ ይሰጣችኋል፣ ለሰርግም ለሆቴል ማስታወቂያም ይበቃል። የዚሁ ኩባንያ ትልቁ ድሮን የማቪክ 3 ሴንሰር፣ ብርሃን የሚቀበለው የካሜራው ክፍል፣ ትልቅ ነው። ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ልዩነቱ በግልጽ ይታያል። ቢሆንም እጃችሁ ሳይፈታ ያን ያህል ገንዘብ ማፍሰስ አልመክርም። ከገንዘባችሁ ላይ ለተጨማሪ ባትሪና ለትርፍ ክንፍ አስቀሩ።

ያገለገለ የምትገዙ ከሆነ ሻጩ ፊት አስነስታችሁ እዩት። ካሜራውን የሚያረጋው ጂምባል ይንቀጠቀጣል ወይ? የባትሪው ሆድ አብጧል ወይ? ባትሪው ስንት ጊዜ ቻርጅ እንደተደረገ አፑ ላይ ይታያል። ሻጩ ድሮኑን ከራሱ አካውንት ሳያላቅቅ ገንዘብ አትስጡ። ይህን ያላየ ሰው የማይታዘዝለት ዕቃ ታቅፎ ይቀራል።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። መጀመሪያ ካሜራውን እርሱት። ሰው የማይተላለፍበት ሰፊ ሜዳ ፈልጉ። አጨዳ ያለቀበት የጤፍ ማሳ ጥሩ ነው፣ ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ። ድሮኑን ከፊታችሁ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙት። ጀርባው ወደ እናንተ ሲሆን ግራው ግራችሁ፣ ቀኙ ቀኛችሁ ነው። ፊቱን ወደ እናንተ ስታዞሩት ግን ሁሉም ይገለበጣል። የመቆጣጠሪያውን ስቲክ ወደ ግራ ስትገፉ ድሮኑ ወደ ቀኛችሁ ይሄዳል። ጀማሪ ዛፍ ወይም ግድግዳ ውስጥ የሚከተው እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ፊቱ ወደ እናንተ እንዳለ አራት ማዕዘን አስኪዱት፣ ቀጥሎ ስምንት ቁጥር አስሠሩት። ደጋግሙት። ብስክሌት የለመደ የባሕር ዳር ልጅ ስለ ሚዛኑ አያስብም፤ ጣታችሁ እንደዚያ እስኪሆን ድረስ ሥራ አትቀበሉ። ሙሽሮቹ ቆመው እየጠበቁ ግራና ቀኙን የሚያሰላ ሰው ብርሃኑን አያይም።

የእኛ አገር ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደብረ ማርቆስ ከ2400 ይበልጣል። ጮቄ ተራራ ከ4000 ያልፋል። ከፍ ባልን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፣ ክንፉ ድሮኑን ለመሸከም የበለጠ መሽከርከር አለበት፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል። ፋብሪካው ለሚኒ 4 ፕሮ የጻፈውን 34 ደቂቃ እዚህ አትጠብቁ። ባትሪው 30 በመቶ ሲደርስ መልሱት። ነፋስ ካለ ስትሄዱ ነፋሱን ተቃውማችሁ ሂዱ፣ ስትመለሱ ይገፋችኋል። ሲግናል ቢቋረጥ ድሮኑ ራሱ የሚመለስበትን ከፍታ በአካባቢው ካለው ባሕር ዛፍ በላይ አድርጉት፤ ባሕር ዛፋችን ረጅም ነው።

ጣና ላይ ሌላ ጣጣ አለ። ድሮኑ የተነሳበትን ቦታ በጂፒኤስ ይመዘግባል። ከጀልባ ላይ ካስነሳችሁት ጀልባው ይሄዳል፣ የተመዘገበው ነጥብ ግን እዚያው ውኃው ላይ ይቀራል። ሲግናል ቢቋረጥ ድሮኑ እናንተን አይፈልግም። ያንን ነጥብ ፈልጎ ሄዶ ውኃው ላይ ሊያርፍ ይወርዳል። ስለዚህ ከዘጌ ወይም ከአንዱ ደሴት፣ ከየብስ አስነሱ። ከጀልባ ግድ ከሆነ የመመለሻ ነጥቡን በየጊዜው ቀይሩ። ውኃው ላይ ዝቅ ብላችሁ አታብርሩ፤ ሆዱ ላይ ያሉት ሴንሰሮች የሚያብለጨልጭ ነገር ያወናብዳቸዋል። ጢስ ዓባይ ላይ ደግሞ ፍንጣሪው ሌንሱንም ሞተሩንም ያርሳል፣ ነፋሱ ጢሱን ከሚወስድበት በኩል አትጠጉ። ጭልፊት ከመጣባችሁ አትሽሹ፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ ውጡ።

ገዳማቱን ያለ አበ ምኔቱ ፈቃድ ከላይ አታንሱ። መነኮሳቱ ከዓለም ሸሽተው የገቡበት ግቢ ነው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡም ጉጉታችሁ ይገባኛል፤ እንደዚያ ያለ ትርዒት የትም አይገኝም። ፈረስ ግን ከአናቱ በላይ በሚጮህ ነገር ይደነብራል። የደነበረ ፈረስ ጋላቢውንም ተመልካቹንም ይጎዳል። ከአዘጋጆቹ ጋር ካልተስማማችሁ ረጅም ሌንስ ይዛችሁ መሬት ላይ ሥሩ።

ከሁሉም በላይ ልቤ ላይ ያለውን ልንገራችሁ። ክልላችን ያለበትን ሁኔታ ታውቃላችሁ። ዛሬ በጎጃም ገጠር ከሰማይ ድምፅ ሲመጣ ልጇን አቅፋ ወደ ቤት የምትሮጥ እናት አለች። የእናንተ ድሮን ፎቶ ብቻ እንደሚያነሳ እሷ በምን ታውቃለች? ድምፁን እንጂ እናንተን አታይም። ስለዚህ ግጭት ባለበት አካባቢ፣ የፈቃድ ወረቀት ኪሳችሁ ውስጥ ቢኖርም፣ አታስነሱ። ሰላም በሆነበት ቀበሌ ደግሞ ቀድማችሁ ሽማግሌዎቹን አናግሩ። ማን እንደሆናችሁ፣ ለማን እንደምትሠሩ፣ በስንት ሰዓት እንደምታስነሱ ንገሯቸው። ወሬው ለጎረቤት ሁሉ እስኪዳረስ ጠብቁ። ድሮኑን በእጃቸው አስይዟቸው፣ የቀድሞ ሥራችሁን ስክሪኑ ላይ አሳዩአቸው። እምቢ ካሉ አትከራከሩ፣ አመስግናችሁ ዕቃችሁን ሰብስቡ። ለደንበኛውም ይህ ሊሆን እንደሚችል ቀብድ ከመቀበላችሁ በፊት ንገሩት።